ጾማችን ለእነሱም ቢተርፍ

ይህ እትም እጃችሁ ሲገባ ሁዳዴ እየተገባደደ ነው። የቅቤው ዕቃ ተከድኖ የትንሣኤን ሌሊት ይጠብቃል፤ ልጆች ‹‹ፋሲካ ስንት ቀን ቀረው?›› ማለት ጀምረዋል፤ እናቶችም በልባቸው የዶሮውን፣ የእንቁላሉንና የቅቤውን ዋጋ ይደምራሉ። እኛ ደብረ ማርቆስ ያለነውም እንደዚያው ነን። እናም የዚህ ወር ጨዋታችን ብዙዎቻችሁ በዚህ ሰሞን በየቀኑ ስለምትበሉት፣ በውጭ አገር ደግሞ ሌላ ስም ስለተሰጠው ምግብ ይሁን ብዬ አሰብኩ። ከምግቡም አልፈን ከሳህኑ ውጪ ስለቆሙት እንስሳት እናውራ።

‹‹ቪጋን›› የሚለው ቃል ዕድሜው ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ ውስጥ ዶናልድ ዋትሰን የተባለ ሰውና ጥቂት ወዳጆቹ ማኅበር ሲመሠርቱ ያወጡት ስም ነው። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ወተትና እንቁላል ይመገቡ ነበር። እነ ዋትሰን ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሁሉ ይቅር፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም ማርም አያስፈልግም፣ ቆዳና ሱፍ መልበስም በተቻለ መጠን ይቅር አሉ። ምክንያታቸውም አንድ ነበር፤ እንስሳት የሚሰማቸው፣ የሚያማቸው፣ የሚፈሩ ፍጥረታት ስለሆኑ እንደ ዕቃ መቆጠር የለባቸውም የሚል።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ምግቡ ለእኛ ብርቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሏት። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ የነቢያትንና የሐዋርያትን ጾም፣ ነነዌንና ገሃድን ስንደምር አንድ ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል። ካህናቱና መነኮሳቱ ደግሞ ከዚህም በላይ ይጾማሉ። በዓለም ላይ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ቀን ያለ እንስሳት ተዋጽኦ ማብሰል የሚያውቅ የቤት ወጥ ቤት ብዙ አይገኝም።

እናቶቻችን በእነዚህ ቀናት የሠሩትን እስቲ አስቡት። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ አዚፋውን፣ ስልጆውን፣ የሱፍ ፍትፍቱን፣ የተልባውን ወጥ እንዲሁ ታውቁታላችሁ። የሽምብራ ዓሳን ግን ለአፍታ ላንሳው። የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ፣ በዓሳ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ፣ በወጥ ይሠራል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ሥጋ የሚመስል የአተርና የአኩሪ አተር በርገር ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ያፈሳሉ። የእኛ እናቶች ይህንን ሐሳብ በምድጃ ዳር ጨርሰውት ነበር። እዚህ ጎጃም ደግሞ ግብጦ አለን። መራራነቱ እስኪለቅ ተቀቅሎ ለቀናት በውኃ የሚነከር፣ ከዚያ በኋላ ከጠላ ጋር የሚቆረጠም፣ በፕሮቲን የበለጸገ እህል ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን የሐበሻ ምግብ ቤቶች በያይነቱን ‹‹የቪጋን ምግብ›› ብለው ይሸጡታል፤ ፈረንጆቹም እየተሰለፉ ይበሉታል።

እኔ የገበያ ጥናትና የማስታወቂያ ባለሙያ ነኝ። በእኛ ሙያ አንድን ነገር ከመሸጣችን በፊት የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ‹‹ይህ ለማን ነው?›› የሚል ነው። ሁለት ዕቃዎች በውስጣቸው አንድ ዓይነት ሆነው ለተለያየ ሰው ከተሠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጾምና ቪጋንነትም እንዲሁ ናቸው። ሳህኑ አንድ ነው፤ ጥያቄው ግን ይለያያል። ጾም ለጿሚው ነው። ሥጋን ለማድከም፣ ነፍስን ለማበርታት፣ ወደ ፈጣሪ ለመቅረብ ይጾማል፤ ሲያበቃም ይፈታል። ቪጋንነት ደግሞ ለእንስሳው ነው፤ የሚፈታበት ቀንም የለውም። ልዩነቱን ማር ይነግራችኋል። በጾም ማር ይበላል፤ ቪጋን ግን አይበላም፣ የንብ ድካም ነዋ!

ይህን የምላችሁ ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። የፍስክ ምግብ መብላት ካቆምኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ማንም አልሰበከኝም፤ በሽታም አልነበረብኝም። አንድ ሁዳዴ አለቀና መመለስ አላሰኘኝም። መጀመሪያ ላይ ቤተሰቡ ሱባዔ የያዝኩ መሰለው። ወሩ ሲረዝም እናቴ ተጨነቀች። ‹‹አንቺ ልጅ፣ ስለት አለብሽ? ወይስ ሐኪም የከለከለሽ ነገር አለ?›› አለችኝ። ‹‹የለም እማዬ፣ እንስሳቱ ስላሳዘኑኝ ነው›› ስላት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችኝና ‹‹ለሰውም ያልተረፈ ሐዘን›› ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ይህች አነጋገር ቀላል እንዳትመስላችሁ። በእኛ አገር ምግብ ፍቅር ነው። እናት ለፋሲካ ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ፣ ሽንኩርቱን ስታቁላላ አድራ፣ ‹‹ብዪልኝ›› ስትል አልበላም ማለት ወጡን ብቻ አለመቀበል አይደለም። ደግሞም ብዙ ቤተሰብ ሥጋ የሚቀምሰው በዓመት በዓል ብቻ በሆነበት አገር ‹‹ሥጋ ትቻለሁ›› ማለት የጥጋብ ወሬ ሊመስል ይችላል። ይህ ቅሬታ እውነት አለው፤ ልክደው አልፈልግም። ስለዚህም ነው ማንንም ‹‹ሥጋ አትብሉ›› ለማለት ብዕሬን ያላነሳሁት።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን አጎቴ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው። አማኑኤል አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ጥር ላይ ልጠይቃቸው ብሄድ አውድማ ላይ አገኘኋቸው። ሥጋ መተዌን ሰምተው ኖሮ ‹‹ታዲያ አሁን ምን እየበላሽ ነው?›› አሉኝ። ‹‹እንጀራና ሽሮ፤ ከብት የሌለበት ምግብ›› አልኳቸው። ሳቁ። በአውድማው ዙሪያ የሚሽከረከሩትን በሬዎች በአገጫቸው እያሳዩኝ፣ ‹‹ከብት የሌለበት? ይሄን ጤፍ ማን አረሰው? አሁንስ ማን እያበራየው ነው? ነገ ገበያ የሚያደርሰውስ ማን ነው? ልጄ፣ የጎጃም እንጀራ ከብት የሌለበት አይገኝም›› አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የጤፍ ማሳ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ሞፈርና ቀንበሩን የሚስቡት በሬዎች ናቸው። ዘሩ ከመዘራቱ በፊትም መሬቱ እንዲጠብቅ ብዙ ቦታ በከብት ይረገጣል። ሲታጨድ በከብት እግር ይበራያል፤ እንጀራውም ገጠር ውስጥ በኩበት ይጋገራል። ከዚያ አህያ ተጭና ከተማ ታደርሰዋለች። እኛ ከተማ ተቀምጠን ‹‹የጾም ነው፣ እንስሳ የለበትም›› ብለን የምንቆርሰው እንጀራ የበሬ ላብና የአህያ ጀርባ አለበት። በሬው ደግሞ ለዓመታት አርሶ ሲያረጅ ይደልብና ለቅርጫ ይሸጣል። አጎቴ በሬዎቻቸውን ቡሬና ቦራ ብለው በስም ይጠሯቸዋል፤ ሲታመሙባቸው እንቅልፍ የላቸውም። ሲሸጧቸውም ገበያ ድረስ የሚነዳላቸው ሌላ ሰው ነው፤ እርሳቸው አይሄዱም።

እንግዲህ በእንግሊዝ ከተማ የተወለደው ጥያቄ ወደ ጎጃም ደጋ ሲመጣ መልኩ ይቀየራል ማለት ነው። እዚያ ጥያቄው ‹‹ምን እንብላ?›› ነው፤ ፋብሪካ በሚመስል በረት ውስጥ ፀሐይ ሳያዩ የሚኖሩ ዶሮዎችና አሳማዎች ስላሉ ከሳህን መጀመሩ ትክክል ነው። እዚህ ግን የሳህኑን ግማሽ መንገድ ጾም ሄዶልናል። የቀረው ጥያቄ ‹‹አብረውን የሚሠሩትን እንዴት ነው የያዝናቸው?›› የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሥጋ የሚበላውንም የማይበላውንም እኩል ይመለከታል።

አህያን እንውሰድ። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ አገር ናት። በ2009 ዓ.ም ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። ሥራ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሕዝቡ ተቃውሞ ስለበረታ ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው የአህያ ቆዳ ንግድ በመላው አህጉር እንዲታገድ ወሰኑ፤ ቆዳው ‹‹ኢጂያኦ›› ለሚባል የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ስለሚፈለግ በብዙ አገሮች አህዮች እያለቁ ነበርና። ደስ የሚል ነው። ነገር ግን ቢሾፍቱ ላይ አብዛኞቻችንን ያስቆጣን የአህያ ሥጋ በባህላችን ነውር መሆኑ ነበር። ስለ አህያዋ ስቃይ የተናገረው ጥቂት ሰው ነው። አህያዋን ከቄራ አዳንናት። ከመጫኛውስ?

እስቲ በገበያ ቀን ወደ ከተማችን በሚያስገቡት መንገዶች ዳር ቁሙ። ወገባችንን ብዙም የማታልፍ አህያ እህል ወይም ከሰል ወይም ማገዶ ተጭና ዳገቱን ትወጣለች። ከመጫኛው ሥር ጀርባዋ ተገጥቧል፤ ዝንብ ያርፍበታል። ስትቆም ዱላው በዚያው ቁስል ላይ ያርፋል። ‹‹ገጣባ›› የሚል ቃል በቋንቋችን መኖሩ ራሱ ነገሩ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ይነግራችኋል። የሚነዳት ልጅ ክፉ ስለሆነ አይደለም። እሱም ቁርስ አልበላም። ክፍያው በጉዞ ስለሆነ ነው። ለአንድ ጉዞ አንድ ዋጋ ከተከፈለው በአንድ ጉዞ የቻለውን ያህል ይጭናል። ዋጋውን የምንወስነው ደግሞ እኛ ደንበኞቹ ነን።

እዚህ ላይ ሙያዬ ይጠቅመኛል። ‹‹ደንበኛ ንጉሥ ነው›› ይባላል፤ ንጉሥ ከሆንን አንድ ነገር ማዘዝ እንችላለን። እህላችንን ወይም ከሰላችንን በአህያ ስናስመጣ ‹‹ሁለት ጊዜ አመላልሳት፤ የሁለት እከፍልሃለሁ›› ማለት ይቻላል። እኔ ለሰፈራችን አመላላሽ ልጅ ይህንን ስለው መጀመሪያ የተሳለቅኩበት መስሎት ነበር። አሁን የእኔ ተራ ሲደርስ ራሱ ግማሽ ጭኖ ይመጣል፤ በመጫኛውም ሥር ወፍራም ጆንያ ደርቦ ያነጥፍላታል። ልዩነቱ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ያህል ነው። ሕጉም ከጎናችን ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአደባባይ እንስሳትን ማሰቃየትንና ከአቅም በላይ ማሠራትን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

‹‹የእንስሳት መብት የፈረንጅ ወሬ ነው›› የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን ነገሩ ከቤታችን የራቀ አይመስለኝም። የኦሪት ሕግ የሚያበራይን በሬ አፉን ማሰርን ይከለክላል፤ ሲሠራ ከሥራው ይቅመስ ማለት ነው። በእስልምና እርድ ቢላው አስቀድሞ እንዲሳል፣ ስለቱም በእንስሳው ፊት እንዳይሆን ሥርዓት አለ። ነገሥታቶቻችን የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ጎረቤታችን አዊ ዘንድ ሂዱ። ከ80 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሶችን አሸብርቆ በዓል ያከብራል፤ በዓድዋ ጦርነት ለዋሉት ፈረሶች ውለታ መሆኑን ይናገራሉ። ለእንስሳ ውለታ መመለስን የሚያውቅ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም። ለፈረሱ የሰጠውን ክብር ትንሽ ቆርሶ ለአህያዋ ቢያካፍል ይበቃል።

የእኛው ሰዎችም በዓለም መድረክ አሉበት። ነዋሪነቱ በአሜሪካ የሆነው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ዶክተር አንተነህ ሮባ ስለ ቪጋን አመጋገብና ስለ እንስሳት ደኅንነት ለዓመታት ሲሠራ የቆየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአፍሪካና በእንስሶቿ ላይ ያተኮረ የጥናት መጽሐፍ ከሌላ ምሁር ጋር ሆኖ በአርታኢነት አሳትሟል።

አሁን ወደ መጪው በዓል ልመልሳችሁ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ብዙዎቻችሁ በግና ዶሮ ትገዛላችሁ። እኔ አልገዛም፤ ከእናንተ ጋር ግን ገበያው ውስጥ እገኛለሁ። ዶሮ እግሯ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥላ ስትሄድ ታያላችሁ። በዚያ ሁኔታ የሆድ ዕቃዋ ሳንባዋን ስለሚጫናት መተንፈስ ያስቸግራታል። ቅርጫት ወይም ቀዳዳ ያለው ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀና ብላ ትምጣ። በጉን ባጃጅ ላይ አራት እግሩን ጠፍራችሁ ከመጫን ይልቅ ሰፈራችሁ ቅርብ ከሆነ በእግሩ ይምጣ። ቤት ሲደርስ ውኃና ጥላ ይስጡት፤ ነገ የሚታረድ ቢሆንም ዛሬ ይጠማዋል። ቢላው ይሳል፤ የሚያርደው ሰውም ሥራውን የሚያውቅ ይሁን። አንዱ በግ ሌላው ሲታረድ አይመልከት። ትንንሽ ልጆችም ‹‹ወንድ ልጅ ይድፈር›› ተብለው በግድ አይቁሙ። በጉን ስም አውጥተው ለሦስት ቀን የተጫወቱበት እነሱ ናቸው።

ከእኔ ጋር ትንሽ ራቅ ብላችሁ መሄድ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ በሚመጡት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ጾም እንደሌለ ታውቃላችሁ። በእነዚያ ሳምንታት የፈለጋችሁትን አንድ ቀን መርጣችሁ በያይነቱ ብሉ፤ ስለ ጾም ሳይሆን ስለ እንስሳቱ ብላችሁ። ሳህኑ ያው ነው፤ ‹‹ለማን?›› የሚለውን ብቻ ትቀይራላችሁ። ልዩነቱ ይሰማችኋል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን የግድ ነው። እንደ እኔ ዓመቱን ሙሉ የፍስክ ምግብ የማይበላ ሰው ቫይታሚን ቢ12ን በኪኒን መልክ ወይም ቫይታሚኑ በተጨመረበት ምግብ መውሰድ አለበት፤ ከእህልና ከአትክልት በበቂ መጠን አይገኝም። ጿሚዎች በፍስኩ ወራት ስለሚያገኙት ነገሩ ያን ያህል አይታወቃቸውም። ለብረት ማዕድን ምስርና ጎመን ጥሩ ናቸው። የእንጀራችን መቡካት ሰውነታችን ማዕድኑን በቀላሉ እንዲወስድ ያግዛል፤ ቲማቲምና ሎሚም እንደዚያው። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ከሆኑ ይቀንሱታልና ትንሽ ቆየት ብላችሁ ጠጡ። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ትንንሽ ልጆች ደግሞ ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩት።

ስለ ልጆች ካነሳሁ አይቀር፣ የሰባት ዓመት ልጄ እንቁላልና ወተት ትመገባለች። ውሳኔዬን በእሷ አጥንት ላይ መሞከር አልፈልግም፤ ስታድግ የራሷን ትወስን። ይህን ስታነቡ ‹‹ታዲያ አቋምሽ የት አለ?›› የሚል ይኖራል። አቋሜ እዚህ ነው፤ ፍጹም መሆን ካልቻልን ምንም አናድርግ የሚለውን ሐሳብ አልቀበለውም። አጎቴ ነገም በበሬ ያርሳሉ፤ ትራክተር የላቸውም። እናቴም ዶሮዋን ትሠራለች። እናቴ ግን ባለፈው ገና ከዶሮው ድስት ጎን የሽምብራ ዓሳ ሠርታ ‹‹ይህ የአንቺ ነው›› ብላ በትንሿ ድስት አስቀመጠችልኝ። እኔም ‹‹ለሰውም ያልተረፈ ሐዘን›› ያለችኝን አልረሳሁም። ትክክል ናት፤ ለአህያዋ ማዘን የሚነዳትን ልጅ ካስረሳን ሐዘን አይደለም። ለዚህ ነው የሁለት ጉዞ ዋጋ ክፈሉ የምላችሁ፤ የአህያዋ ጀርባ ሲቀል የልጁም ኪስ ትንሽ ይሞላል።

ጾም ‹‹አልበላም›› ማለትን አስተምሮናል፤ ትልቅ ትምህርት ነው። በቀሩት የሁዳዴ ሳምንታት በየመንገዱ የተጫነች አህያ ስታዩ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ ይህ ሁሉ መታቀባችን ለእሷ ምን ተረፋት?

በሉ እንግዲህ፣ በሚቀጥለው ወር በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ለምትጾሙት መልካም የጾም ማብቂያ፣ ለሁላችሁም ሰላምና ጤና። ቸር ሰንብቱ።